ለካምፐር ቫን ምትክ ጎማ ሲመረጥ፦ ለድሬዳዋ ሙቀትና ለደንገጎ ዳገት የሚስማማው የትኛው ነው?

ካምፐር ቫን ከሌላው ተሽከርካሪ የሚለየው ጭነቱን የማያራግፍ በመሆኑ ነው። ሕዝብ የሚያመላልስ ሚኒባስ ተሳፋሪውን አውርዶ ባዶውን የሚሄድበት ሰዓት አለው፤ የቤት መኪናም አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። አልጋ፣ የልብስ ሣጥን፣ የውኃ ታንከር፣ ባትሪ፣ ማቀዝቀዣና የጋዝ ሲሊንደር የተገጠመለት ቫን ግን ቆሞም ሆነ እየሄደ ሙሉ ጭነቱን እንደተሸከመ ይኖራል፤ ጎማዎቹም ከጭነት የሚያርፉበት ቀን የላቸውም። መኪናው የሚውለው ድሬዳዋ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። ስለዚህ ምትክ ጎማ የሚፈልግ ባለ ካምፐር ከጥርሱ መልክና ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ሊያስቀድም ይገባል፤ ጎማው የመኪናዬን እውነተኛ ክብደት ከነትርፉ ይሸከማል ወይ? ይህን ክብደት እንደያዘስ በዚህ ሙቀት ረጅም መንገድ ይችላል ወይ? ከዚህ በታች የቀረበው ንጽጽር በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

አስቀድሞ ክብደቱ ይታወቅ

በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የመሸከም አቅሙን ያመለክታል። በብዙ ሃይኤስ ሚኒባሶች ላይ የሚገጠመው 195 አር 15 ሲ ጎማ ለምሳሌ «106/104» የሚል ቁጥር ይዞ ይገኛል። 106 ማለት ጎማው ብቻውን ሲገጠም 950 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ሲሆን፣ 104 ደግሞ በአንድ ወገን ሁለት ጎማ ተጣምሮ ሲገጠም እያንዳንዱ 900 ኪሎ ግራም እንደሚችል ይገልጻል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጎማው የተወሰነለትን ነፋስ ሲይዝ ነው፤ ለዚህ ጎማ 4.5 ባር፣ ጎሚስታዎቻችን በሚለኩበት ደግሞ 65 ፒኤስአይ ነው። ነፋሱ በቀነሰ መጠን የመሸከም አቅሙም አብሮ ይወርዳል። ከዚህ ከፍ የሚሉት ቁጥሮች 109 ለ1,030፣ 112 ለ1,120፣ 116 ለ1,250 ኪሎ ግራም ናቸው።

የራስን መኪና ክብደት በግምት ከመናገር መኪናውን የጭነት መኪና ሚዛን ላይ ማውጣት እጅግ ይሻላል። ታንከሩ ውኃ ይዞ፣ ነዳጁ ሙሉ ሆኖ፣ የሚጓዙት ሰዎች ተሳፍረው መጀመሪያ መላው መኪና ይመዘናል፤ ቀጥሎ የኋላ እግሮቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ቆመው ይመዘናሉ። የኋላው ክብደት 1,700 ኪሎ ግራም ሆነ እንበል። ለሁለት ሲካፈል 850 ይደርሳል፤ በወረቀት ላይ ሲታይ 106 የሚል ጎማ ይበቃዋል። ሆኖም የካምፐር ጭነት ለሁለት እኩል አይከፈልም። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ግራም ነው፤ ታንከሩና ባትሪዎቹ በአንድ ወገን ከሆኑ አንዱ ጎማ 920፣ ሌላው 780 ኪሎ ግራም ሊሸከም ይችላል፤ 920 የደረሰበት ጎማ ደግሞ ለጉድጓድና ለመታጠፊያ የሚተርፈው አቅም እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ትርፍ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት 106 ምቹ የሚሆነው የኋላው ክብደት እስከ 1,600 ኪሎ ግራም ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ ከዕቃው ይቀነሳል፣ ወይ ታንከሩ ወደ መካከል ይዛወራል፣ ወይ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ጎማ ይፈለጋል። ከሦስቱ ርካሹና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ዕቃውን መቀነሱ ነው።

ሙቀቱ ጎማውን የሚጎዳበት መንገድ

ጎማ ሲሽከረከር መሬት የሚነካው ክፍሉ በእያንዳንዱ ዙር ይጨፈለቃል፣ መሬቱን ሲለቅ ደግሞ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ መታጠፍና መዘርጋት በጎማው ውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ጭነቱ ሲበዛ ወይም ነፋሱ ሲያንስ መታጠፉ ይብሳል፤ ፍጥነት ሲጨመርበትም ሙቀቱ ይከማቻል። ሙቀቱ ሲበረታ ላስቲኩንና በውስጡ ያለውን የብረት ሽቦ አጣብቆ የያዘው ነገር እየላላ ይሄድና ጥርሱ ከአካሉ ተገንጥሎ ይወጣል። ሜዳ ላይ፣ ጥሩ አስፋልት ላይ፣ ምንም ሳይነካው «ፈነዳ» የሚባለው ጎማ ብዙውን ጊዜ ታሪኩ ይኸው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው መንገድ በቀትር የሚጓዝ ባለ ካምፐር ይህን ማሰብ አለበት፤ መንገዱ ቆላውን ይዞ የሚሄድ በመሆኑ ጎማው የሚቀዘቅዝበት ዕድል አያገኝም፤ አስፋልቱም ፀሐይ ሲመታው ከአየሩ ይልቅ ይግላል።

የሐረር መንገድ ፈተናው ሌላ ነው። ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ድሬዳዋ ግን በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ መንገዱ በደንገጎ ወጥቶ በሐረማያ በኩል ወደ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ሲመለሱ ሙሉ ጭነት የያዘ ካምፐር ከደንገጎ ቁልቁል ሲወርድ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ያጋድላል፤ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ከመያዝ ይልቅ ፍሬን ደጋግሞ ከረገጠ የዲስኩና የታምቡሩ ግለት በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ከንፈር፣ ማለትም ቸርኬውን ወደሚይዘው ጠርዙ፣ ይደርሳል። ስለዚህ ለኋላው ጠንካራ ጎማ ገዝቶ ለፊቱ ያገኘውን የሚያስገጥም ሰው የከተማችንን መንገድ አላገናዘበም ለማለት ያስደፍራል።

አማራጮቹ

የመጀመሪያው አማራጭ መጠኑ «ሲ» በሚል ፊደል የሚያበቃው የንግድ መኪና ራዲያል ጎማ፣ ማለትም የአካሉ ክሮች ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበት፣ ነው። ይህ ጎማ ለሚኒባስና ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው፤ ጎኑ ከቤት መኪና ጎማ የጠነከረ፣ የሚችለው ነፋስም ከፍ ያለ ነው። የመንገድ ጥርስ ያለው ዓይነት፣ ማለትም ዙሪያውን ረጃጅም ቦዮች የተሰመሩበት፣ በአስፋልት ላይ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ በዝናብም ውኃውን በደንብ ያስወጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ ግን በአካባቢያችን ሚኒባሶች ላይ የሚገጠመው እሱው ራሱ መሆኑ ነው። ጭሮ ላይ፣ ባቢሌ ላይ ወይም ጅግጅጋ መግቢያ ላይ ጎማው ከጥገና በላይ ቢቀደድ ያው መጠን ያለው ምትክ የማግኘት ተስፋ አለ። ለጉዞ የሚሆን መኪና ሲታሰብ ይህን ነጥብ እንደ ትንሽ ነገር ማየት አይገባም።

ሁለተኛው በተለይ ለካምፐር የሚሠራውና መጠኑ ላይ «ሲፒ» የሚል ምልክት የሚይዘው ነው። ምልክቱ የአውሮፓ የጎማና የቸርኬ ደረጃ የሚያወጣው አካል ለዚህ ዓይነት መኪና የለየው ነው። የሚሽሊን አጂሊስ ካምፒንግ፣ የኮንቲኔንታል ቫንኮንታክት ካምፐርና የፒሬሊ ካሪየር ካምፐር በዚህ ረድፍ የሚገኙ ናቸው። የጎማው አካልና ከንፈር የተጠናከረው ሁልጊዜ እስከ አቅሙ ጫፍ ተጭኖ ለሚኖርና ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ለሚቆም መኪና ታስቦ ነው፤ በኋላ እግር ላይም 5.5 ባር፣ ማለትም 80 ፒኤስአይ ያህል ነፋስ እንዲይዝ ይመከራል። በአሠራሩ ከሁሉም ለካምፐር የቀረበው ይህ መሆኑን መካድ አይቻልም። ከአውሮፓ በፊያት ዱካቶ ወይም በመሰል ቫን ለመጣ ሰው ጎማዎቹ ጥሩ ሆነው ሳሉ ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ አያስፈልገውም።

ነገር ግን በሚኒባስ ላይ ለተሠራ የድሬዳዋ ካምፐር ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። አንደኛው መጠኑ ነው፤ የሲፒ ጎማዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ለአውሮፓ ቫኖች በሚስማሙ መጠኖች፣ ለምሳሌ 215/70 አር 15 እና 225/75 አር 16 ነው። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። በተለምዶ የሚገጠመው ባለ ላስቲክ ቫልቭ የተሠራው እስከ 4.5 ባር ለሚደርስ ነፋስ ነው። ሲፒ ጎማ አስገጥሞ 5.5 ባር የሚያስሞላ ሰው ቫልቩን በብረት ካልለወጠ፣ ቸርኬውም ያንን ግፊት የሚችል መሆኑን ካላረጋገጠ በጠንካራ ጎማ ላይ ደካማ በር መክፈቱ ነው። አንዱ ጎማ ቢቀደድ ደግሞ ተመሳሳዩን በአቅራቢያ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን ባለ መኪናው ሌላ ዓይነት ጎማ በአንድ መስመር (በፊት ወይም በኋላ እግሮች) ላይ ቀላቅሎ ለመጓዝ ይገደዳል።

ሦስተኛው ብዙዎች በመልኩ የሚማረኩበት፣ ትላልቅና የተራራቁ ጥርሶች ያሉት የኦል ተሬይን ጎማ ነው። ድንጋይና ጠጠር ባለበት ጎኑ በቀላሉ አይቀደድም፤ ከባቢሌ ወጣ ብሎ በግራር እሾህና በሹል ድንጋይ መካከል፣ ወይም ወንዝ በደረቀበት አሸዋ ላይ ለሚጓዝ ሰው የሚሰጠው መተማመን እውነተኛ ነው። በአንጻሩ ክብደቱ ይበልጣል፤ ነዳጅ ያስጨምራል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ መኪናው የሚቆምበት ርቀት ከመንገድ ጎማ ሊረዝም ይችላል፤ ጥርሱም ወፍራም በመሆኑ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ባለ ካምፐሩ በዓመት ውስጥ ከሚነዳው መንገድ አብዛኛው አስፋልት ከሆነ ጥቂት ቀናት ለሚያገኘው ጥቅም ዓመቱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል። ይህን ዓይነት የሚመርጥ ሰው ቢያንስ «ሲ» ወይም «ኤልቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና) የሚል ምልክት ያለውን፣ የመሸከም ቁጥሩም ከነበረው ያላነሰውን ይግዛ፤ አንዳንዱ ኦል ተሬይን ከላይ ሲታይ ጠንካራ ቢመስልም የተሠራው ለቀላል የቤት መኪና ነውና። የአሸዋ ነገር ከተነሣ፣ በአሸዋ ላይ የሚረዳው ጥርሱ ሳይሆን ነፋስ መቀነሱ ነው፤ ይሁንና ወደ አስፋልት ከመመለስ በፊት መልሶ መሙላት የግድ ስለሆነ የራሱን ኮምፕሬሰር ያልያዘ ሰው ነፋስ ባይቀንስ ይመረጣል።

አራተኛውን፣ ማለትም የቤት መኪና ጎማን፣ በአጭሩ መተው ይቻላል። ዋጋው ስለሚቀንስና መጠኑ ስለሚገጥም የሚያስገጥሙ አሉ፤ ነገር ግን 95 የሚል ቁጥር ያለው ጎማ የሚሸከመው 690 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከላይ በተመለከትነው መኪና ላይ ይህ ጎማ ገና ከመነሻው ከአቅሙ በላይ ይጫናል።

ከመነዳሪ የሚገባበት የናይለን ጎማም አለ። በጠጠር መንገድ ላይ በዝግታ ለሚሄድ የጭነት መኪና ያገለግላል፤ በፍጥነት ሲነዳ ግን ከራዲያል የበለጠ ይግላል፤ ከመነዳሪው ሲበሳም ነፋሱ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ለካምፐር አልመርጠውም። ከራዲያል ጋር በአንድ መስመር ላይ መቀላቀል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ከሾፌሩ ፈቃድ ውጭ እንዲሄድ ያደርገዋል።

ያገለገለ ጎማ

ያገለገለ ጎማ የሚገዛው ገንዘብ ለመቆጠብ ነው፤ ይህም ነውር የለበትም። ሆኖም ጎማው ከቸርኬ ሳይወርድ ወይም ውስጡ ሳይታይ መግዛት አይገባም። ጎሚስታው ጎማውን ሲከፍተው በውስጠኛው ጎን ዙሪያውን የጠቆረ ቀለበት ከታየ፣ ወይም እጅ ሲገባ የተፈጨ ላስቲክ ዱቄት ከያዘ፣ ያ ጎማ ነፋሱ ጎድሎ እያለ ረጅም መንገድ ተነድቷል ማለት ነው። ከውጭ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ውስጥ ያለው ክር ተቀጥቅጧል፤ ጭነት ሲያርፍበት መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። በትከሻው ወይም በጎኑ ላይ የተለጠፈ ጥገና ያለበትም መተው አለበት። ተራራና የበረዶ ቅንጣት የሚያሳይ ትንሽ ሥዕል በጎኑ የታተመበት ጎማ ከተገኘ ለብርድ አገር የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለክረምት ብቻ የተዘጋጀው ላስቲኩ ለስላሳ በመሆኑ በድሬዳዋ አስፋልት ላይ ቶሎ ይበላል፤ በሙቀትም ይላላል። ጥርሱ በድጋሚ ተለብጦ የታደሰ ጎማን በካምፐር ፊት እግር ላይ አላስገጥምም፤ የትኛው ድርጅት፣ በምን ዓይነት አካል ላይ እንዳደሰው ካልታወቀ ደግሞ በየትኛውም እግር ላይ።

የተሠራበት ቀን

ይህ ክፍል ለእኛ አገር ገዢ ከሁሉም ይልቅ ትኩረት የሚሻ ነው። በጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» ከሚሉት ፊደላት የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ አራት አኃዞች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ፤ ዓመቱ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «1216» የሚል ጎማ ያየ ገዢ «16»ን 2016 ዓ.ም. ብሎ ከወሰደው ጎማው ገና ትኩስ ይመስለዋል። ጎማው ግን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2016 12ኛ ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2008 ነው። ልዩነቱ ስምንት ዓመት ስለሆነ ስሕተቱ ጥቃቅን አይደለም። አኃዞቹ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚታተሙ ፊት ለፊት ካልታዩ ጎማውን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። ላዩ ላይ ፀጉር የመሰሉ የላስቲክ ቅንጣቶች መኖራቸው ያልተነዳ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል እንጂ ዕድሜውን አይናገርም።

ካምፐር ብዙ ስለሚቆም ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፤ ጎኑና የጥርሱ መካከል በቀጫጭን ስንጥቆች ይሞላል። ታዋቂ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተሠራ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲለወጥ ይመክራሉ። በድሬዳዋ ፀሐይ ለሚቆም ሙሉ ጭነት ላለው ካምፐር ሰባት ዓመትን ገደብ ማድረግ የሚሻል ይመስለኛል። መኪናውን ከኒም ጥላ ሥር ማቆም ወይም ጎማዎቹን በጨርቅ መሸፈን ዕድሜያቸውን ያራዝማል። በዚሁ ምክንያት በሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመውን ትቶ ከመጋዘን የሚወጣውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

መጠን የመለወጥ ፈተና

አቅም ለመጨመር ሲባል ወደ ሰፋ ያለ ጎማ መሻገር የሚያስቡ አሉ። ለሃይኤስ 225/70 አር 15 ሲ በቁመቱ ከ195 አር 15 ሲ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። የመሸከም ቁጥሩም 112 ስለሚደርስ የኋላው ክብደት ከ1,700 ኪሎ ግራም ላለፈ ካምፐር አጓጊ ነው። ሆኖም ይህ ጎማ ቢያንስ 6 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር የሚመጣው የብረት ቸርኬ ግን 5.5 ኢንች ነው። ስለዚህ ዋጋው ሲታሰብ ቸርኬውም አብሮ መታሰብ አለበት፤ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው እንዳይነካም ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል። 205/70 አር 15 ሲ ደግሞ ቁመቱ 67 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መኪናውን ዝቅ ያደርገዋል፤ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ያደርጋል። የፍጥነት ደረጃን የሚያመለክተው ፊደል ለዚህ ዓይነት መኪና ብዙ አያሳስብም፤ «ኪው» እስከ 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚፈቅድ ሲሆን ካምፐር በዚያ ፍጥነት መነዳት የለበትም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ኑሮው ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሆኖ በታኅሣሥና በሐምሌ ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚሄድ፣ አንዳንዴም ወደ አዋሽ ወይም ወደ ጅግጅጋ በአስፋልት የሚጓዝ ቤተሰብ የመንገድ ጥርስ ያለውን «ሲ» ራዲያል ቢገዛ ሌላ ነገር አይጎድልበትም። የሐምሌው ንግሥ በዝናብና በጭጋግ ስለሚሆን ጥርሱ ሕጋዊው ዝቅተኛ ልክ በብዙ አገሮች 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ አስተዋይነት ነው። ከአውሮፓ በመጣ ትልቅ ቫን የሚጓዝ ሰው ሲፒውን ይያዝ፤ ትርፍ ጎማውም ያው ዓይነት ይሁን። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ለቀናት በጠጠርና በአሸዋ የሚሰነብት ብቻ፣ ክብደቱን ከቀነሰ በኋላ፣ ወደ ኦል ተሬይን ይሂድ። ገንዘቡ ለአራት ጥሩ ጎማ የማይበቃው ሰው ሁለት አዲስ «ሲ» ራዲያል ገዝቶ ለኋላ ቢያደርግና ከነበሩት የተሻሉትን ሁለቱን ወደ ፊት ቢያዛውር፣ አራት ያገለገሉ ጎማዎች ከሚገዛ ይልቅ ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው። ለፊት የሚዛወሩትም ግን ከላይ የተባሉትን የዕድሜና የጥርስ መመዘኛዎች ማለፍ አለባቸው።

ከተገዛ በኋላ

ነፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ ነው። ጠዋት 65 የነበረው በቀትር መንገድ ላይ 73 ቢያሳይ የተለመደ ነው፤ «ሞላ» ተብሎ ከተነፈሰ ግን ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይወርድና ከላይ የተነገረው የሙቀት ጉዳት ይጀምራል። ነፋሱን በመዶሻ መትቶ ድምፁን በማዳመጥ የሚገምት ጎሚስታ ልምዱ ሰፊ ቢሆን እንኳ በ50 እና በ65 መካከል ያለውን ልዩነት በጆሮ መለየት ይከብዳልና የራስን መለኪያ መኪናው ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል። ባላንስና አላይመንት በዕለቱ ይሠራ፤ ስኮርታውም (ትርፍ ጎማውም) ከመኪናው ሥር ወጥቶ ቀኑና ነፋሱ ይታይ፤ ከሌሎቹ ጋር ሳይለወጥ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ክሪኩም የባዶውን ሚኒባስ ሳይሆን የተጫነውን ካምፐር ማንሳት የሚችል መሆኑ ቤት ሳሉ ይፈተሽ። ቡሎኖቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ ስላለባቸው፣ ጎማውን ድሬዳዋ ያስገጠመ ሰው ሐረር ሲደርስ መኪናው እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ መፍቻውን ያውጣ።